ሁለት የፈረስ ስሞችና አንድ ሯጭ

ቅዳሜ ጧት በሐኪም ጋራ ሽቅብ የሮጠ ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቀጥሎ ይከራከራል። እኛም እንደ ልማዳችን ወጥተን፣ ጀጎልን ከነአምስት በሮቿ ቁልቁል እያየን በተቀመጥንበት፣ አንድ ጓደኛችን ያነበበውን የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ አመጣብን። ሰውዬው ቴድ ዊልያምስ ይባላል፤ እንጀራው ቤዝቦል ነበረ። ቤዝቦል ዱላና ኳስ ያለበት በመሆኑ ከገና ጨዋታ ጋር ትንሽ ይዛመዳል። ልዩነቱ ሩሯ በመሬት እየተንከባለለች የምትመጣ ሳትሆን ሌላው ተጫዋች ባለ በሌለ ኃይሉ በአየር የሚወረውራት መሆኗ ነው። ዊልያምስ የቦስተን ከተማ ቡድን መቺ ነበረ። በ1934 ዓ.ም. መባቻ ባለቀው የጨዋታ ወራት ከ1,000 ሙከራ 406 የሚሆነውን የማግኘት ያህል ውጤት አስመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካንና በናሽናል ሊግ 400 የደረሰ ሰው አልተገኘም። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።)

ታዲያ ይህ ሰው ገና በ23 ዓመቱ እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ ደርሶ ሳለ የዓለም ጦርነት መጣና የባሕር ኃይል አውሮፕላን ነጂ ሆነ፤ ሦስት የጨዋታ ዘመን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ተመልሶ ሲጫወት ቆይቶ ደግሞ የኮሪያ ጦርነት ተነሣና እንደገና ተጠራ። በኮሪያ ሰማይ 39 ጊዜ ለውጊያ በረረ። የካቲት 9 ቀን 1945 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ተመትቶ እየነደደ በሆዱ ካረፈ በኋላ በእግሩ ወጥቶ ሄደ። ሲደመር አምስት የጨዋታ ዘመን ያህል ለጦር ሜዳ ተከፈለ ማለት ነው። አሜሪካኖች በቁጥር የሚያምኑ ሰዎች ናቸውና እነዚያ ዓመታት ባይወሰዱበት ኖሮ ስንት ኳስ ከአጥር ውጭ ያሳልፍ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ያሰላሉ።

ጓደኛችን ወሬውን ሲጨርስ ሌላው ተነሥቶ፣ በእኛ አገር ስፖርተኛ ሆኖ ጦር ሠራዊት ዕድሜውን የወሰደበት ማን አለ ብሎ ጠየቀ። አንዱ አበበ ቢቂላ አለ። አይደለም፤ አበበን ወታደርነቱ ወደ ሮም ወሰደው እንጂ ከሮም አላስቀረውም። ከሮም የቀረው ማሞ ወልዴ ነው። ይህን ስም ስንሰማ ሁላችንም ስለ ሜክሲኮ እናውቅ ነበር፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ግን ግማሾቻችን ምንም፣ የቀረነውም በጣም ጥቂት ነበረ የምናውቀው። ከተራራው ወርደን ያገላበጥነውን ነው እንግዲህ እዚህ የምናቀርበው።

ማሞ የሐረር ልጅ አይደለም። የተወለደው ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. በአድአ፣ ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ገጠር፣ ከኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ ነው። የተሰጠው ስም ደጋጋ ሲሆን ማሞ የሚለው ብዙ እናቶች ልጃቸውን የሚያቆላምጡበት ስም ነው። ዓለም ያወቀውም በዚሁ በቁልምጫው ነው። ይሁን እንጂ ከእኛ ከተማ ጋር የሚያያይዘው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የፈረስ ስም ነው።

በድሮው ልማድ መኳንንቱና ጦረኛው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበር ሁላችን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ሐረርን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የገዙት ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ልጃቸው፣ እዚሁ አጠገባችን በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ አባ ጠቅል ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የላኩትን ሻለቃ ጦር በአባታቸው ፈረስ ስም ቃኘው አሉት፤ በ1952 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኮንጎ መላክ የጀመረውን ጦር ደግሞ በራሳቸው ፈረስ ስም ጠቅል ብርጌድ አሉት። በአባትየው ፈረስ ስም የተጠራው ጦር ማሞን ኮሪያ አደረሰው፤ በልጅየው ፈረስ ስም የተጠራው ጦር ደግሞ ሳይጭነው ከመንገድ አስቀረው። ይህን አጋጣሚ ያገኘነው እኛ ነን፤ ትልቅ ፍልስፍና አለበት አንልም፤ ግን ከሐኪም ጋራ ላይ ለሚከራከር ሰው የማይረሳ ነው።

ማሞ በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ለአንድ የገጠር ልጅ ክቡር ዘበኛ መግባት ደመወዝም፣ ልብስም፣ ትምህርትም፣ ደግሞም ሩጫ ማለት ነበር። ዛሬ ክለብና ፕሮጀክት እንደምንለው ያለ ነገር በሌለበት አገር ሯጭን መልምሎ የሚያሠለጥን ጦር ሠራዊቱ ነበረ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ተቀምጦ ሲሠራ ቆይቶ በኋላ እነ አበበን ያወጣው ከዚሁ ጦር መካከል ነው። ስለዚህ ጦሩ የማሞን ዕድሜ ወሰደበት ስንል፣ ጦሩ ባይኖር ማሞ የሚባል ሯጭ መኖሩን ማንም ላያውቅ ይችል እንደ ነበርም መዘንጋት የለብንም። በአድአ ነጭ ጤፍ ሲያመርት ይኖር ነበር፤ ያም ክፉ ኑሮ አይደለም።

ሯጭነቱ ገና ሳይታወቅ በ1945 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኮሪያ ተላከ፤ በዚያም ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ጦርነቱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት ነው፤ ከዚያ በኋላም የኢትዮጵያ ወታደሮች ሰላም ለማስጠበቅ በተራ ይሄዱ ነበር። ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን 121 ሞተዋል፤ 536 ቆስለዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። ስለዚህ ቴድ ዊልያምስና ማሞ ወልዴ፣ ያ ነጋዴ ቡድን በብዙ ሺህ ዶላር የቀጠረው፣ ይህ በተራ ወታደር ደመወዝ የሚኖረው፣ ለአንድ ጦርነት ወደ አንድ ሩቅ ባሕረ ገብ ምድር ተጠርተው ነበር። አንዱ ሲሄድ ስሙ በጋዜጣ ሁሉ የተጻፈ ሲሆን ሌላው ሲሄድ ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ከ21 እስከ 23 ዓመት ያለው ጊዜ ለአጭር ርቀት ሯጭ እግር የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ የማሞ እግር በዚያን ጊዜ የሠራው ዘብ መቆም ነው።

ከኮሪያ በተመለሰ በአንድ ዓመት ገደማ፣ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፈለች። ጨዋታው በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ነበር። ማሞ 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና 4 በ400 ሜትር የዱላ ቅብብል ሮጠ፤ በሦስቱም ከማጣሪያ አላለፈም። ዛሬ በአደባባይ ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ማሞ በ800 ሜትር መጀመሩን ሲሰማ ይገርመዋል። ርቀቱ ከዕድሜው ጋር አብሮ እያደገ ሄዶ ነው በመጨረሻ 42 ኪሎ ሜትር የደረሰው።

እንግዲህ ወደ ሮም እንምጣ፤ የክርክራችን ሥር ይህ ነውና።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት ማሞ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። ኮንጎ በሰኔ ወር ከቤልጅግ ነጻ ወጥታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተበጠበጠች፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጦር እንዲላክ ወሰነ፤ ኢትዮጵያም ጠቅል ብርጌድን አሰናዳች። በዚያው ሰሞን የሮም ኦሊምፒክ ተቃርቧል። ማሞ ራሱ በኋላ ዘመን እንደ ገለጸው፣ የጦሩ አለቆች ከዘማቾቹ ጋር ወደ ኮንጎ ይሂድ አሉ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደግሞ ወደ ሮም ይሂድ አለ። ሁለቱ ወገኖች ሲጓተቱ ጊዜው አለፈና ማሞ ኮንጎም ሳይዘምት፣ ሮምም ሳይሮጥ ቀረ። የሚያሳዝነው ይህ ነው። ዊልያምስ ከሜዳ ቀርቶ ቢያንስ አውሮፕላን ነድቷል፤ የማሞ የ1952 ክረምት ግን ለማንም ሳይሆን ባከነ። ቢሮ ለቢሮ ተጻጽፎ ጉዳዩ ሳይወሰን የቀረበት ተማሪ ካለ የማሞን ሁኔታ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮም ጎዳና ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ማሞ በዚያች ሌሊት የተሰማውን ስሜት ግን ማንም አልመዘገበልንም፤ እኛም ፈጥረን አንጽፍም።

በተራራው ላይ አንድ ጓደኛችን ማሞ ሮም ቢሄድ ኖሮ አበበን ይቀድመው ነበር ብሎ ተሟገተ። ይህን አንቀበልም። ማሞ በዚያን ጊዜ የማራቶን ሯጭ አልነበረም፤ ያመለጠው ነገር ካለ ከ1,500 እስከ 10,000 ሜትር ባለው የሜዳ ሩጫ ነው። በ28 ዓመት ዕድሜ ከዓለም ሯጮች ጋር አንድ ጊዜ ተጋፍቶ ቢሆን ኖሮ በቀጣዩ ኦሊምፒክ ምን ያህል ይጠቅመው እንደ ነበር ማሰብ ግን ይቻላል። በሜልበርንና በቶኪዮ መካከል 8 ዓመት አለ፤ ያንን ያህል ዘመን ከኦሊምፒክ ሜዳ የራቀ ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ከሮም በኋላ በሦስት ወር ገደማ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መጣ። የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው በአደባባይ ተሰለፉ። ሙከራው ከሸፈ፤ ክቡር ዘበኛው ከጦር ሠራዊቱ ጋር በአዲስ አበባ ውስጥ ተዋግቶ ተሸነፈ። አበበም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተለቀቀ። ይህን የምናነሣው በዚያ ዘመን ሯጭ ማለት የመንግሥት ወታደር እንደ ነበረና የመንግሥቱ ነፋስ ወደ ነፈሰበት ሁሉ እግሩ አብሮ እንደሚሄድ ለማስታወስ ነው። ማሞ ይህን በ1953 አይቶታል፤ በኋላም የባሰውን አየ።

ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ማሞና አበበ በአሜሪካ የቦስተን ማራቶን አብረው ሮጡ። ሁለቱ ብዙውን መንገድ ሲመሩ ቆይተው ዳገቱና ብርዱ ደክሟቸው አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነ። የዚያ ሩጫ መንገድ ሊያልቅ አንድ ማይል ያህል ሲቀረው ፌንዌይ በሚባለው የቤዝቦል ሜዳ አጠገብ ያልፋል፤ ቴድ ዊልያምስ ዕድሜውን ሁሉ የተጫወተበት ሜዳ ነው። ዊልያምስ በዚያ ሜዳ የመጨረሻ ኳሱን ከአጥር ውጭ መትቶ የተሰናበተው መስከረም 18 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የሮም ማራቶን ከተሮጠ በ18ኛው ቀን ነው። ማሞ ይህን እንደማያውቅ እርግጠኞች ነን፤ ቢያውቅም በዚያ ብርድ ቆሞ አያይም ነበር።

በቶኪዮ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማሞ 10,000 ሜትር ሮጠ። ስለዚህ ውድድር የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስሙ ያልታወቀው አሜሪካዊ ቢሊ ሚልስ፣ እርሱም የባሕር ኃይል ወታደር ነበር፣ በመጨረሻው ጥግ ተወርውሮ ሁሉን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። የቱኒዚያው ጋሙዲ ሁለተኛ፣ የአውስትራሊያው ክላርክ ሦስተኛ ሆኑ። ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር እስከ መጨረሻዎቹ ዙሮች ተያይዞ የሄደው አራተኛው ማሞ ነው፤ ሰዓቱ 28 ደቂቃ ከ31 ነጥብ 8 ሰከንድ፣ ከአሸናፊው የሚለየው 7 ሰከንድ ያህል ብቻ። አራተኛ ለሚወጣ ሰው ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣው የለም። ከሳምንት በኋላ ማራቶን ጀምሮ አቋረጠ፤ አበበ ግን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ የአገሩ ሰውም ሁሉ ወደ አበበ ተመለከተ። ማሞ ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ሯጭ ጫማውን ይሰቅላል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

እርሱ አልሰቀለም። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ባለው ከተማ፣ በ36 ዓመቱ እንደገና ተሰለፈ። ከፍታው ለአውሮፓና ለአውስትራሊያ ሯጮች መርዝ ሆነባቸው። ለአድአና ለአዲስ አበባ ሳንባ ግን እንደ ቤት አየር ነው፤ ሐኪም ጋራ ላይ ከቆላ የመጣ እንግዳ ይዘን የወጣን ሰዎች ልዩነቱን እናውቀዋለን። በ10,000 ሜትር ማሞ የመጨረሻውን ዙር እየመራ ገብቶ፣ ወደ መድረሻው በሚወስደው ቀጥታ ላይ የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ደርሶ አለፈው። ቴሙ 29 ደቂቃ ከ27 ነጥብ 4፣ ማሞ 29 ደቂቃ ከ28። በስድስት አሥረኛ ሰከንድ ወርቁ ወደ ኬንያ ሄደ፤ ለኬንያም የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነች።

ማራቶኑ ጥቅምት 10 ቀን ነበር። አበበ እግሩ ታሞ ሳለ ተሰልፎ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ መቀጠል አልቻለም። ከማቋረጡ በፊት ስለ ሆነው ነገር ማሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ኬኒ ሙር ለሚባል አሜሪካዊ ሯጭና ጸሐፊ አጫውቶታል። አበበ ያን ጊዜ ሻምበል ነው፤ ማሞ መቶ አለቃ። እየሮጡ ሳሉ አበበ ማሞን በማዕርጉ ጠርቶ እርሱ ሩጫውን እንደማይጨርስ ነገረው፤ ማሞ አዘነ፤ አበበም ማዘኑን አቋርጦ፣ አንተ ግን ማሸነፍ አለብህ የሚል ትእዛዝ ሰጠው። ማሞም ወታደር ለአለቃው እንደሚመልስ መለሰና ሄደ። በትእዛዝ ከሮም የቀረው ሰው በትእዛዝ ሜክሲኮ ላይ አሸነፈ ማለት ነው። ከመድረሻው ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር፤ ሁለተኛው ጃፓናዊው ኪሚሃራ ከ3 ደቂቃ በላይ ቆይቶ መጣ። ሌላው ኢትዮጵያዊ መርዓዊ ገብሩ 6ኛ ወጣ፤ የእርሱን ስም የሚያነሣ ሰው ስለማይገኝ እኛ እናንሣው።

ስለ ሜክሲኮ ሲነገር ብዙ ጊዜ የአበበ ሦስተኛ ድል ሳይሆን የቀረበት ቀን ተደርጎ ይነገራል። ይህ ለማሞ ፍትሕ አይደለም። አበበን የተካ ሳይሆን በራሱ መንገድ 12 ዓመት ሲመጣ የቆየ ሯጭ ነው ያሸነፈው። ከሜልበርን ማጣሪያ የወደቀው፣ ሮም ያመለጠው፣ ቶኪዮ አራተኛ የወጣው ያው ሰው ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ በሙኒክ እንደገና ተሰለፈ፤ 40 ዓመት ሆኖታል። በዚያ ኦሊምፒክ 11 የእስራኤል ቡድን አባላት ስለ ተገደሉ ጨዋታው ተቋርጦ ውድድሮቹ በአንድ ቀን ተላለፉ፤ ማራቶኑም ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ላይ ዋለ። ልብ በሉ፤ አበበ በሮም የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። እነሆ ልክ በ12 ዓመቱ፣ በዚያው በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከሮም የቀረው ሰው በሙኒክ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። አበበ በሮም ካሸነፈበት ሰዓት በ8 ሰከንድ ይፈጥናል! መንገዱም ጫማውም ዘመኑም ስለሚለያይ ሁለቱን ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ እኛ ግን ይህን ስናይ በተራራው ላይ ለተከራከረው ጓደኛችን ወዲያው ነገርነው፤ ለሁለት ቀን ያህል ኩራቱ አልበረደም። ማሞ ራሱ በነሐሱ አልረካም፤ ባለ ሥልጣኖቹ የማይስማማው ጫማ እንዲያደርግ ስላስገደዱት እግሩ እንደ ተጎዳ ይናገር ነበር። በጫማ እንኳ ትእዛዝ አለ! ኬኒ ሙር ከእርሱ ቀጥሎ አራተኛ ወጣ፤ ወዳጅነታቸውም ለማሞ ክፉ ዘመን ቆየው። በ1965 ዓ.ም. ጥር ወር በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪቃ ጨዋታ ማሞ በማራቶን አሸንፎ የሩጫ ዘመኑን ደመደመ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ጽሑፍ ይሆን ነበር። ከመካከላችንም አንዳንዱ እዚህ ይብቃ ብሎ ነበር። ግን አይበቃም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ የማሞ ጌቶች ወረዱ፤ ደርግ መጣ። ማሞ በቀበሌ ውስጥ ኃላፊነት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር ሆነ። በዚያ ዘመን በቀበሌ ደጅና በመንገድ ዳር ሬሳቸው የተገኘው አብዛኞቹ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎችና ከእኛም የሚያንሱ ልጆች ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. አንድ የ15 ዓመት ያህል ልጅ ተገደለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ማሞ በዚህ ግድያ ተጠርጥሮ ተያዘ። እርሱ ልጁን አልገደልሁም፤ በሥፍራው የተገኘሁት ተገድጄ ነው ሲል ተከራከረ። ክሱ በልዩ ዐቃቤ ሕግ እጅ ካሉት እጅግ ብዙ የቀይ ሽብር ጉዳዮች አንዱ ስለ ሆነ ፍርድ ሳያገኝ 9 ዓመት ታሰረ። ኬኒ ሙር በ1988 ዓ.ም. ስለ እርሱ ሰፋ አድርጎ ጽፎ ለዓለም አሳወቀ፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም ስለ እርሱ ጠየቀ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጋብዞ ሳለ ከእስር አልወጣም። በዚያው በአትላንታ ፋጡማ ሮባ በሴቶች ማራቶን ወርቅ ስታገኝ፣ ከእርሷ በፊት የማራቶን ወርቅ ካመጡት ሦስት ኢትዮጵያውያን ገና በሕይወት የነበረው… ሦስት አልን፤ ሁለት ናቸው፤ አበበና ማሞ። አበበ በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ሞቷል። በሕይወት ያለው አንዱ እስር ቤት ነበረ።

በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ 6 ዓመት ፈረደበት። የታሰረው ከዚያ ስለሚበልጥ ተለቀቀ። እንግዲህ አንድ ሰው ከተፈረደበት 3 ዓመት አብልጦ ታሰረ።

ስለዚህ ጉዳይ በመካከላችን ረጅም ክርክር ሆነ፤ በአንድ ድምፅ አልጨረስንም። ግማሾቻችን የሜዳሊያው ክብር ይህን ሊሸፍነው አይገባም፤ የተገደለው ልጅ እናት አላት፤ እርሱም በዚያ ዕድሜው ምናልባት ሯጭ፣ ምናልባት ሐኪም ይሆን ነበር አልን። ሌሎቻችን ደግሞ 9 ዓመት ያለ ፍርድ ማሰር ፍትሕ አይባልም፤ ዕድሜውን ሁሉ ትእዛዝ ሲቀበል የኖረን ወታደር በዚያ የሽብር ዘመን እምቢ ባለማለቱ ለመውቀስ ዛሬ በሰላም ተቀምጠን እኛ ማን ነን አልን። ሁለቱም ወገን ለሌላው መልስ አላጣም። የተስማማንበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሜክሲኮን አንሥቶ 1970ን መተው፣ ወይም 1970ን አንሥቶ ሜክሲኮን መተው የሰውዬውን ሕይወት መጻፍ አይደለም። ለዚህ ነው ሁለቱንም የጻፍነው።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ጋራ ስንወጣ፣ ከሮም ስለ ቀረው ሩጫ የሚከራከር ሰው ቀንሷል። ይልቁንም ስለ ትእዛዝ እንከራከራለን። አንድ ሰው በ21 ዓመቱ ኮሪያ ሂድ ሲባል ሄደ፤ በ28 ዓመቱ ሁለት ትእዛዝ ተጋጭቶበት ቀረ፤ በ36 ዓመቱ አሸንፍ ሲባል አሸነፈ፤ በ40 ዓመቱ ይህን ጫማ አድርግ ሲባል አደረገ፤ በ46 ዓመቱ ገደማ ደግሞ ያን ሥፍራ ተገኝ ሲባል እንደ ራሱ ቃል ተገኘ። ከእነዚህ ትእዛዞች የትኛውን እምቢ ማለት ነበረበት? የትኛውንስ እምቢ ማለት ይችል ነበር? ጫማውን ብቻ ያለ አንድ ቀልደኛ ጓደኛ አለን፤ ስቀን ዝም አልነው።

ማሞ ወልዴ ከእስር በወጣ በጥቂት ወራት፣ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በጉበት ነቀርሳ ሞተ፤ 70 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ነበር የቀረው። ቴድ ዊልያምስ በፍሎሪዳ የሞተው ሰኔ 28 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ማሞ በሞተ ልክ በአርባው ነው።